ለሰንበት ትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ የኦሪቱን ኅብስትና ቂጣ ደሴ ላይ እንዴት እንጋግር?

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ የሚገኘው ሰንበት ትምህርት ቤታችን የኦሪት ዘመንን አምልኮ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ሊያቀርብ ነው። ገበታውንና መቅረዙን አናጢዎች ይዘውታል፤ ለእኛ ክፍል የደረሰን የሚበላው ነገር ነው። በገበታው ላይ የሚደረደሩትን 12 ኅብስተ ገጽ፣ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 የተዘረዘሩትን የእህል ቁርባን ዓይነቶች፣ እንዲሁም ሕዝቡ በየቤቱ ይበላው የነበረውን እንጀራ ማሳየት እንፈልጋለን።

መጀመሪያ የታሰበው 12 ድፎ ዳቦ በኮባ ጋግሮ መደርደር ነበር፤ አንዳንዶቻችን ግን ልክ አልመሰለንም። ኅብስተ ገጹ እርሾ ነበረው ወይስ ቂጣ ነው? አንዱ ምን ያህል ያክላል? ዱቄቱስ የሱቅ ፉርኖ ዱቄት ቢሆን ያስኬዳል? ዐውደ ርእዩ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሚቆይ ሻጋታም ያሰጋናል። ማር ገብቶበት ለልጆች የሚጣፍጥ ነገር ቢኖርም ደስ ይለናል። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።


ዘኦሪት

እህቴ፣ ድፎው ይቅር። ድፎ በእርሾ የተነፋ ወፍራም ዳቦ ነው፤ ኅብስተ ገጹ ግን ሰፊና ስስ ቂጣ ነበር። ኅብስቱን ያዘዘው ዘሌዋውያን 24 ስለ እርሾ በግልጽ የሚለው ነገር የለም። ነገር ግን የአይሁድ ሕግ መድበል የሆነው ሚሽና፣ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መቅደሱ ሳይፈርስ የኖረው ካህንና ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስም ያለ እርሾ እንደነበር ይናገራሉ።

መጠኑን ከራሱ ከኦሪቱ እንነሣ። ለአንዱ ኅብስት የታዘዘው ከኢፍ መስፈሪያ ከአሥር እጅ ሁለት እጅ መልካም ዱቄት ነው። ስለ ኢፍ ልክ የተለያየ ግምት አለ፤ ብዙዎች የሚይዙትን ወደ 22 ሊትር ብንወስድ ሁለቱ እጅ 4.4 ሊትር ይሆናል፤ በሚዛን 2.4 ኪሎ ግድም። ስለዚህ ለ12ቱ በየሳምንቱ ወደ 29 ኪሎ ዱቄት ይወጣ ነበር።

ቅርጹን የሚነግረን ሚሽና ነው፤ ርዝመቱ 10 ጋት፣ ወርዱ 5 ጋት። ጋቱን በ8 ሳ.ሜ ብትይዙት 80 በ40 ሳ.ሜ ነው። 2.4 ኪሎ ዱቄት በ1.2 ሊትር ውሃ አቡክታችሁ በዚህ ስፋት ብትዘረጉት ውፍረቱ 1 ሳ.ሜ ገደማ ይመጣል። ከሁለቱ ጫፍ 2.5 ጋት 2.5 ጋት ወደ ላይ ይታጠፋል። መሐሉ 5 ጋት ይቀራል፤ ይህም ከገበታው ወርድ ጋር ልክ ይገጥማል። ስድስት ስድስት የተደራረበ ሁለት ረድፍ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ደግሞ የገበታውን 10 ጋት ርዝመት ይሸፍናል። ኦሪት ዘፀአት ገበታውን 2 ክንድ በ1 ክንድ፣ ቁመቱን 1 ክንድ ተኩል ይለዋል፤ ይህ ስሌት ክንዱን 5 ጋት አድርጎ የሚቆጥረውን ወገን የተከተለ ነው። ክንዱን 6 ጋት የሚያደርጉም አሉ።

ለእናንተ ግማሽ ልክ ይበቃል፤ 40 በ20 ሳ.ሜ የሆነ ሊጥ፣ ሁለቱም ጫፍ 10 ሳ.ሜ ታጥፎ። ውፍረቱን በዚያው በ1 ሳ.ሜ ብትተዉት ለአንዱ 600 ግራም ዱቄትና 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ ለ12ቱ 7.2 ኪሎ። አናጢዎቹንም የገበታውን ላይ 40 በ20 እንዲያደርጉት አሁኑኑ ንገሯቸው፤ ከተሠራ በኋላ ኅብስቱን ለገበታው ብላችሁ ብታሳጥሩት ልኩ ይፋለሳል።

ዘይት አይገባበትም። ዕጣኑ በሁለት ትንንሽ ጽዋ ሆኖ ከየረድፉ ጋር ይቀመጣል፤ በሰባ ሊቃናት ትርጉም (በጥንቱ የግሪክ ብሉይ ኪዳን) ከዕጣኑ ጋር ጨውም ተጠቅሷል፤ ስለዚህ ጨው ብትጨምሩ ነቀፋ የለበትም።

አንድ አደራ አለኝ። ይህ ኅብስት በእኛ ቤተ ክርስቲያን በቤተ ልሔም ከሚዘጋጀው የቅዳሴ ኅብስት ጋር እንዳይምታታ። ያኛው እርሾ ያለው ነው፤ ሥርዓቱም የካህናትና የዲያቆናት ነው። መስቀል ወይም ማኅተም አታድርጉበት፤ «ለትምህርት የተሠራ አምሳያ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት።


ፉርኖ ኮምቦልቻ

ዘኦሪት ያለውን ልኬት ይዤ ስለ አጋገሩ ልናገር።

እርሾ የሌለው ሊጥ ጫፉ ታጥፎ እንዲቆም ከተፈለገ ጠንከር ማለት አለበት። ለ600 ግራም ዱቄት 300 ሚሊው የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ 280 ላይ ጀምሩና እየታየ ይጨመር። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነች ዱቄቱ ደረቅ ነው፤ ከኮምቦልቻው ይልቅ ትንሽ ተጨማሪ ውሃ ይፈልጋል። ከበዛ ግን ግድግዳው በምድጃ ውስጥ ወደ መሐል ይንሸራተታል።

ቅርጹን ከላማሪና አሠሩ። ወለሉ 20 በ20 ሳ.ሜ፣ ሁለት ጎኑ 10 ሳ.ሜ ቁመት፣ ሁለት ጎኑ ክፍት። ሊጡ ተዳምጦ በጥሬው ይገባበታል፤ ከተጋገረ በኋላ ላጥፈው ብትሉ ይሰበራል። ቅርጹን ዱቄት ንዙበት፤ ዘይት ከቀባችሁት ግድግዳው ይዝለገለግና ይወርዳል። ሊጡን በሹካ በየ2 ሳ.ሜው ውጉት፤ ካልተወጋ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ መሐሉን እንደ ፊኛ ይነፋዋል፤ ያ ቦታ ቀድሞ ያርና ሥሩ ጥሬ ይቀራል።

ሙቀቱ 220 ዲግሪ፣ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ። ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን፣ ወለሉን በጣት ሲመቱት ደረቅ ድምፅ ሲሰጥ ይወጣል። ወጥቶም ቅርጹ ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ብታወጡት በእንፋሎት የለሰለሰው ግድግዳ ወደ ውጭ ይከፈትና ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ጋጋሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከማቡካት እስከ ምድጃ ረጅም ጊዜ አታስቀምጡ። ሊጡ ከመዳመጡ በፊት ተሸፍኖ 10 ደቂቃ ቢያርፍ ይበቃዋል፤ ካላረፈ መዳመጫው ስር እየተኮማተረ ያስቸግራል። እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሙቀት ላይ ለሰዓታት ከቆየ መኮምጠጥ ይጀምራል። ስለዚህ 12ቱን አንዴ አታቡኩ፤ አንድ በአንድ አቡክታችሁ ሁለት ሁለቱን አስገቡ።


ዘኦሪት

@ፉርኖ ኮምቦልቻ፣ ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ ምክርህ ሚሽና ላይ እንዳለ አለች፤ ኅብስተ ገጹ የሚቦካው አንድ በአንድ፣ የሚጋገረው ሁለት ሁለት ነበር። ቅርጽም ነበረው፤ ከምድጃ ከወጣ በኋላም እንዳይበላሽ ወደ ቅርጽ ይመለስ ነበር። ምክንያቱን አንተ ነገርከን። ይህን ሙያ የያዘ የጋርሙ ቤት የሚባል ወገን ነበረ፤ ዕውቀቱን ለሌላ አናስተምርም በማለቱ ሚሽና ስሙን በወቀሳ ያነሣዋል።


የሆጤዋ

እግዜር ይስጥልን። ላማሪናውን ዛሬውኑ እናሠራለን። ስድስቱ አንዱ በአንዱ ላይ ሲጫን የታችኛው አይደቅም? ሻጋታውስ?


ዘኦሪት

ይደቅቃል፤ ለዚህም መላ ነበረው። በገበታው በሁለቱም በኩል ራሳቸው የተሰነጠቀ 4 የወርቅ ምሰሶዎች ኅብስቱን ደግፈው ይይዙ ነበር። በኅብስቶቹ መካከል ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቀ ሸምበቆ የሚመስሉ 28 የወርቅ ዘንጎች ይገቡ ነበር፤ ለአንድ ረድፍ 14። የታችኛው በገበታው ላይ ስለሚያርፍ ዘንግ አያስፈልገውም፤ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ለየአንዳንዱ 3፣ ለስድስተኛው ከላዩ ጫና ስለሌለ 2። ዘንጎቹ የገቡት አየር በመሐል እንዲያልፍና ኅብስቱ እንዳይሻግት ነው።

እናንተም ሸምበቆ ከገበያ ገዝታችሁ በርዝመቱ ሰንጥቁት፤ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ታች ይሁን። ግድግዳው 10 ሳ.ሜ ስለሆነ ስድስቱ ተደርድረው 60 ሳ.ሜ ይቆማሉ፤ የጎን ምሰሶ ከሌለ ቅዳሜን አይሻገሩም።

ኅብስቱ የሚጋገረው በሰንበት ዋዜማ ነበር፤ በሰንበት ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ሰንበት ይነሣና ካህናቱ በተቀደሰ ስፍራ ይበሉታል። ሲበላ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል ማለት ነው። ዳዊት በኖብ ከካህኑ ከአቢሜሌክ የተቀበለው ይህንኑ ከፊት የተነሣውን ነው።


ፉርኖ ኮምቦልቻ

ለሻጋታው፣ 12ቱም ከበሰሉ በኋላ ምድጃውን ወደ 130 ዲግሪ አውርዱና ለ40 ደቂቃ መልሳችሁ አድርቁ። ለመብላት ይጠነክራል፤ ለማሳየት ግን ሳምንቱን ይዘልቃል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ፌስታል ውስጥ እንዳይገባ፤ የደሴ ጭጋግና የፌስታል ላብ አንድ ላይ ሆነው ሁለት ቀን አያቆዩትም።


ወለተ ሐና

ስለ ዘሌዋውያን 2 እኔ ልጻፍ፤ በዐውደ ርእዮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነውና። ሰው ሁሉ «ቂጣ» ብሎ አንድ ዓይነት አድርጎ ያልፈዋል፤ ምዕራፉ ግን በዘይቱ አገባብና በዕቃው ይለያቸዋል። በምድጃ የሚጋገር፣ በዘይት የተለወሰ እንጎቻ፤ በምድጃ የሚጋገር፣ ዘይት የተቀባ ስስ ቂጣ፤ በምጣድ የሚጋገር፤ በድስት መሰል ጎድጓዳ ዕቃ የሚበስል። ከነዚህ በፊት ሳይበስል የሚቀርበው ዱቄት በዘይትና በዕጣን አለ። አምስት ሳህን አዘጋጁ።

ልኩ በሚሽና አንድ አሥረኛ ኢፍ ዱቄት (1.2 ኪሎ ግድም) ከአንድ ሎግ ዘይት (0.3 ሊትር ግድም) ነው፤ በምድጃ የሚጋገረው ከዚህ 10 እንጎቻ ይወጣዋል። ለእናንተ ግማሹ ይበቃል፤ 600 ግራም ዱቄት፣ 150 ሚሊ ዘይት፣ 240 ሚሊ ለብ ያለ ውሃ፣ 5 እንጎቻ። ለብ ያለ ውሃ ያልኩት ሚሽናም ስለሚለው ነው፤ እንዳይቦካ እየተጠበቀ።

ዘይቱን የምታስገቡበት ጊዜ ሁሉን ይወስናል። ለተለወሰው እንጎቻ ዘይቱን ከደረቁ ዱቄት ጋር በሁለት መዳፍ እያሻሻችሁ አንድ አድርጉ፤ ጨብጣችሁ ስትለቁት እንደ እርጥብ አሸዋ ተይዞ ሲቀር ውሃው ይጨመር። ውሃው ቀድሞ ከገባ ሊጡ ይያያዝና ዘይቱ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ ስትጋግሩት ውስጡ ደረቅ፣ ላዩ ቅባት ብቻ የሆነ ነገር ይወጣል። ስስ ቂጣው በተቃራኒው ያለ ዘይት ይቦካል፤ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ ይዳመጣል፤ ሲበስል ዘይቱ በጣት ይቀባል። የኋላ ትውፊት አቀባቡን በግሪኩ ኪ ፊደል ቅርጽ ያደርገዋል፤ ሁለት ተላላፊ መስመር ማለት ነው።

የምጣዱ ሊጥ ጠንካራና ጠፍጣፋ ነው፤ ለእሱ የኛው የሸክላ ምጣድ ይበቃል። የድስቱ ሊጥ ለስለስ ያለ ነው፤ ጥልቅ ብረት ድስት ክዳን ያለው ይሁን፣ ዘይቱ ከሥር ቀድሞ ይግባ። ሁለቱም ሲበስሉ ይቆራረሳሉ፤ ቁራሹ ላይ እንደገና ዘይት ይፈስሳል። ካህኑ ከዚህ እፍኝ ወስዶ ከዕጣኑ ሁሉ ጋር በመሠዊያው ያቃጥላል፤ የቀረው ለካህናቱ ነው። እፍኟን በትንሽ ጽዋ ለይታችሁ ብታሳዩ ትምህርቱ ይሟላል።

ዘይቱ የወይራ ነው። እዚህ ዋጋው ስለማይቀመስ ለማብሰያው የሱፍ ዘይት ተጠቀሙ፤ የወይራውን በትንሽ ብልቃጥ አጠገቡ አሳዩ። ኑግ ግን ይቅርባችሁ፤ ቀለሙ ጠቆር ስለሚል ነጩን ዱቄት ያበላሸዋል። ወተትም ቅቤም ስለሌለበት በጾም ቀን የመጣ እንግዳም ይቀምሰዋል።

ማርን በተመለከተ ከዚህ ገበታ አርቁት። እርሾና ማር በእሳት ለሚቃጠል ቁርባን ተከልክለዋል፤ ጨው ግን ከየቁርባኑ እንዳይጎድል ታዝዟል። ስለዚህ በዚህ ገበታ ላይ መታየት ያለበት አንድ ጽዋ ጨው ነው።

እርሾ ፈጽሞ ከመቅደስ ይራቅ የሚል ሕግ ግን አልነበረም፤ ይህን ደጋግማችሁ አስረዱ። የምስጋና መሥዋዕት ከሦስት ዓይነት ቂጣ ጋር እርሾ ያለውም እንጀራ ነበረበት፤ በሚሽና አቆጣጠር ከየዓይነቱ 10፣ በድምሩ 40። በዓለ ሰዊት (የስንዴ መከር በዓል) ላይም ከፋሲካ ሰሞን በሚቆጠረው 50ኛው ቀን ከአዲሱ ስንዴ ሁለት እንጀራ በእርሾ ተጋግሮ ይቀርባል፤ ለየአንዳንዱ አንድ አሥረኛ ኢፍ። ይወዘወዛል እንጂ ወደ መሠዊያው እሳት አይወጣም። ያሰባችሁት ድፎ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ እያንዳንዱ 1.2 ኪሎ ዱቄት ያለው ሁለት እንጀራ፣ ያለ ኮባ፣ በላማሪና ላይ።


ደጋው

ወለተ ሐና ሁሉን ጨርሳዋለች፤ ዱቄቱ ላይ ግን ልጨምር። «መልካም ዱቄት» የተባለው የሱቅ ፉርኖ ዱቄት አይደለም። በወንፊት ሲነፋ ልሙ ያልፋል፣ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው የስንዴው እንብርት ነው፤ ለመሥዋዕት የሚፈለገው ይህ የቀረው ነበር። ለኅብስተ ገጹ 11 ጊዜ ይነፋ ነበር ይላል ሚሽና። ወፍጮ ቤት ስንዴ ሸካራ አድርጋችሁ አስፈጩ። በወንፊት ልሙን አሳልፉት፤ ወንፊት ላይ የቀረውን በሰፌድ አንገዋሉ፤ ገለባው ቀላል ስለሆነ በሰፌዱ አፍ በኩል ይበንናል፣ ፍርክስ ያለው ወርቅማ እህል ወደ እናንተ ይሰበሰባል። ይህ ውሃ ቶሎ ስለማይጠጣ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ በጥቂት ውሃ አርጥቡት፤ ካልሆነ ስትዳምጡት ጠርዙ ይፈረካከሳል። ሁሉንም እንዲህ ማድረግ ይከብዳል፤ 12ቱን በፉርኖ ዱቄት ሠርታችሁ ይህን በአንድ ቁና ብታሳዩ ደህና ነው።

የሕዝቡ እንጀራ ግን ገብስ ነበር። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 7 በአንድ ሰቅል የሚገዛው መልካም ዱቄት አንድ መስፈሪያ ሲሆን ገብሱ ሁለት መስፈሪያ ነው፤ ዋጋው እጥፍ ልዩነት ነበረው። ገብሱ ቀድሞ በፋሲካ ሰሞን ይደርሳል፤ ስንዴው ወደ በዓለ ሰዊት። ከደሴ ዙሪያ ደጋ የሚመጣ ገብስ ስለማይጠፋ ይህ ክፍል ርካሹ ነው።

የገብስ ዱቄት እንደ ስንዴ አይያያዝም። ቀዝቃዛ ውሃ ብትጠቀሙ ምጣዱ ላይ ሲገለበጥ ይሰነጣጠቃል። 500 ግራም ዱቄት በ350 ሚሊ የፈላ ውሃ በማማሰያ አዋሕዱ፣ እጅ ሲችለው እሹት፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ጋግሩት። ምጣዱ መካከለኛ ሙቀት ይኑረው፤ ሲግል ሥሩ ያርና ላዩ ጥሬ ይሆናል። ነቢዩ ሆሴዕ የኤፍሬምን ሕዝብ ያልተገላበጠ ቂጣ ያለው ይህንን ነው።

ዕቃውን በተመለከተ እድለኞች ናችሁ። ወፍጮና መጅ ከገጠር ተውሳችሁ አምጡ፤ በዚያ ዘመን በየቤቱ የነበረው የመፍጫ ድንጋይ ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ዘዳግም 24 መጁን እንኳ ለመያዣ መውሰድ የከለከለው ያለ እሱ ቤቱ ጦሙን ስለሚያድር ነው። ምድጃቸው ከጭቃ የተሠራ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ በርሜል መሰል ነበር፤ እሳቱ ውስጥ ይነድዳል፣ ሊጡ በውስጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ይህን በሥዕል ብቻ አሳዩ፤ ልምድ የሌለው እጁን ያቃጥላል። ማገዶው ጭራሮና ኩበት ስለነበር አንድ ቁራጭ ኩበት አጠገቡ ይቀመጥ።

ለልጆቹ የሚጣፍጠው ከዚሁ ከቤቱ ክፍል ይምጣ። አቢግያ ለዳዊት ከ200 እንጀራ ጋር 100 የዘቢብ ዘለላና 200 የበለስ ጥፍጥፍ ጭና ነበር። 250 ግራም ዘቢብ በሙቀጫ ወቅጡ፤ ዘይት በነካው እጅ በ1 ሳ.ሜ ውፍረት ጠፍጥፋችሁ ጥላ ሥር ሁለት ቀን አድርቁ። ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት ላዩ ቆዳ ይሠራና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይጎመዝዛል። ማሩንም እዚህ ብትጨምሩ ማንም አይከለክላችሁም።


የሆጤዋ

ይህ ሁሉ ለእኛ ትልቅ ስንቅ ነው፤ አምላክ ይስጥልን። የመጨረሻ ጥያቄ፣ በመዝጊያው ቅዳሜ ልጆች ኅብስቱ ሲለወጥ በተግባር እንዲያሳዩ አስበናል። ስንት ሆነው ነው የሚገቡት?


ዘኦሪት

ስምንት ልጆች ያስፈልጓችኋል። አራቱ ቀድመው ይገባሉ፤ ሁለቱ አሮጌውን ሁለት ረድፍ፣ ሁለቱ የዕጣኑን ሁለት ጽዋ ለማንሣት። ሌሎቹ አራት ተከትለው ይገባሉ፤ ሁለቱ አዲሱን ረድፍ፣ ሁለቱ አዲሱን ጽዋ ይዘው። የሚያስገቡት በሰሜን በኩል ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ የሚያወጡት በደቡብ በኩል ፊታቸውን ወደ ሰሜን አድርገው ይቆማሉ። እነዚያ ሲስቡ እነዚህ ይተካሉ፤ ገበታው ለአፍታም ባዶ እንዳይሆን።

ለልምምዱ ባዶ ላማሪናዎቹን ተጠቀሙ። ስድስት የደረቀ ኅብስት በአንድ ልጅ ክንድ ስለማይያዝ ለየረድፉ ሥሩ እጀታ ያለው ጣውላ ይሠራለት፤ ምሰሶዎቹም ከገበታው ሳይሆን ከጣውላው ጋር ይያያዙ። አሮጌው ሲወጣ በሌላ ገበታ ይቀመጥ፤ የጽዋው ዕጣን በመሠዊያው ሳይጤስ ኅብስቱ የሚበላ አልነበረምና ቆርሶ ማካፈሉ ከዚያ በኋላ ይሁን።